የሚጎተት ድምፅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አራቱም በሩ። የከተማው ጄኔሬተር አመሻሽ ላይ እንደተነሳ ማብሪያውን ተጫንሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አራቱ ትልልቅ ቫልቮች ከሥራቸው ቀስ ብለው ቀሉ፣ እንደ ፍም። ፍም ግን ከላይ ነው የሚቀላው፤ እነዚህ ከውስጥ ይጀምራሉ። ደስ አለኝ። ወዲያው ፈራሁ።

በቅጡ ልጻፈው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ነው፤ በትራንዚስተር ሳይሆን በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ከሱዳን በኩል ሲገባ ኬላው ላይ ተይዞ ለቀበሌያችን ኪነት ቡድን ተሰጠ። ሁለት ክረምት መጋዘን ውስጥ በበርሜልና በባዶ ጆንያ መካከል ከረመ። የፈረሙበት የመጋዘኑ ኃላፊ አያ ዘለቀ ናቸው። ዛሬ ከሙሉቀን ጋር በጋሪ አምጥተውት በሬ ላይ ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ጎንደር ላይ ሬዲዮ ሠሪ ነበሩ አሉ። እስቲ ይኼን እይው። ብትገድይው ግን እኔንም አብረሽ ቅበሪኝ።"

አባቴ እውነትም ሬዲዮ ሠሪ ነበር። እኔ ሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ወደዚህ ስመደብ ከእሱ ይዤ የመጣሁት ነገር ቢኖር መበየጃውንና መለኪያውን ነው። መተማ ላይ እስከ ዛሬ የሠራሁባቸው የጎረቤት ሬዲዮዎች ብቻ ናቸው።

ሙሉቀን ማለት የቡድኑ ጊታር መቺ ነው። ጎጃሜ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደገኞቹ ጋር መጥቶ፣ አጨዳው ሲያልቅ ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ። አባቱ አዝማሪ ናቸው። እሱም ማሲንቆ ይዞ ነው ያደገው፤ ግን ቡድኑ ውስጥ የማሲንቆው ወንበር የተያዘ ነበርና ማንም የማይፈልገውን ጊታር ሰጡት። ኮርድ የሚባለውን አያውቅም። አንድ ክር ላይ ጣቱን እያንሸራተተ፣ አንድ አንድ ድምፅ እያወጣ ይመታል፣ ልክ እንደ ማሲንቆ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማሲንቆ ይጎትታል። ጊታር ተመትቶ ይሞታል። ሙሉቀን ይህንን በጣቱ አሳየኝ፦ አንዱን ክር መታ፣ ጆሮውን አዘነበለ፣ ድምፁ ሲጠፋ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አብሮ ጠፋ።

"እትየ፣ ይኼ እኮ ጠብ ጠብ ነው። የሚያፈስ ጣራ ነው የሚመስለው። ትንሽ እንዲጎትት ማድረግ አትችይም?"

እንዲጎትት። አባቴ ቢሰማው ይወደው ነበር ይህን ቃል።

እሱ ያልነገረኝን አያ ዘለቀ ሲወጡ በር ላይ አቁመው ነገሩኝ። ቅዳሜ ከክፍለ ሀገሩ ኪነት መራጮች ይመጣሉ። ማሲንቆ መቺ ሞልቷቸዋል፤ የጎደላቸው አንድ ጊታር መቺ ነው። ከተመረጠ ጎንደር ይገባል። ካልተመረጠ በሚመጣው ሳምንት የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ አለ፣ ስሙም እዚያ ውስጥ ነው።

እናም ዛሬ ማክሰኞ ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ ከፈትሁት።

ምን ልበል። ሆዱን ገልብጬ ሳየው ለረጅም ጊዜ እጄን አላስገባሁም። ሽቦዎቹ በዘፈቀደ አልተዘረጉም። እያንዳንዱ ጥጉን ይዞ፣ እንደ ግድግዳ ማዕዘን ታጥፎ፣ ከጎረቤቱ እኩል ርቀት ላይ ቆሞ ይሄዳል፤ ጥሩ ሰፊ የሰፋችው ሰፌድ ነው። የብየዳው እርሳስ በየመገናኛው ላይ የጤዛ ያህል ብቻ። አንድም የተንጠባጠበ የለም። ይህን የሠራ ሰው ማንም ሆዱን እንደማይከፍተው እያወቀ ነው እንዲህ ያሳመረው። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ የት አገር እንደተቀመጠም። ይህን ሳስብ የራሴ እጅ ወፍራም መሰለኝ።

መጀመሪያ ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። ከኤሌክትሪክ ቢነቀልም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ኮንደንሰሮች ሰው የሚጥል ኃይል ይዘው ይቆያሉ። እጀታው የተሸፈነ ጠመንጃ መፍቻ አስጠግቼ አወጣሁት። ጧ አለ። ሙሉቀን ከወንበሩ ተነስቶ ግድግዳው ጋ ደረሰ።

"ምነው፣ የአጨዳ ጀግና አይደለህም?" አልሁት።

"ሰሊጥ መብረቅ የለውም እትየ።"

ሐሳቤ ይህ ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለት መግቢያ አለው፤ ለእያንዳንዱ መግቢያ አንዳንድ ትንሽ ቫልቭ ተሰጥቷል። የጊታሩ ድምፅ በአንዱ ሲያልፍ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሥራ ፈቱን ከመጀመሪያው ኋላ ባሰልፈው፣ አንዱ ያጎላውን ሌላው እንደገና ያጎላዋል። ድምፁ ከሚችለው በላይ ሲሞላ ጫፉ ይሰበራል፣ ይሻክራል፤ የሻከረ ድምፅ ደግሞ ቶሎ አይሞትም። አባቴ የሬዲዮ ድምፅ እንዳይሻክር ሲታገል ነው የኖረው። እኔ እንዲሻክር ልታገል ነው።

ከመጀመሪያው መግቢያ ወደ ሁለተኛው ድልድይ የምትሆን አንዲት ሽቦ። አንድ ኮንደንሰር፣ ሁለት ሬዚስተር። የትምህርት ቤቱን የሞተ ሬዲዮ ከርዕሰ መምህሩ ለምኜ አምጥቼ ፈታሁት።

ቀን ላይ መብራት ስለሌለ መበየጃውን ከሰል ማንደጃ ላይ አግለዋለሁ። በዚህ ሙቀት፣ በከሰል ላይ። ላቤ ከአፍንጫዬ ሰሌዳው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አስሬያለሁ። ሙሉቀን ሳልጠይቀው በካርቶን ያራግብልኛል፣ ለእኔ ሳይሆን ለፍሙ።

ስለ ውትድርናው ምንም አላነሳም። እኔም። ሲያራግብ ያንጎራጉራል፤ ባቲ ቅኝት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ለምን እንደሚያቆም ጠየቅሁት። "እዚህ ላይ አባቴ ይጎትታት ነበር፤ እኔ በአፌ አልደርስባትም" አለ።

የሚያስጨንቁኝ፦ ሽቦዬ አስቀያሚ ነው። በእነዚያ የተዋቡ መስመሮች መካከል የእኔ ብየዳ እንደ ጠባሳ ይታያል። ሁለተኛ፣ መራጮቹ ሻካራ ድምፅ ሲሰሙ የምዕራብ ጩኸት ነው ቢሉስ? ሦስተኛ፣ ሦስተኛውን አልጽፍም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ጮኸ። አመሻሽ ላይ መብራት እንደመጣ፣ ጊታሩ ሳይነካ፣ ገና ከመሰካቱ፣ አምፕሊፋየሩ ራሱ ፉጨት ጀመረ። የጎረቤት ውሾች መለሱለት። ቶሎ አጠፋሁት።

ሙሉቀን ካርቶኑን እንደያዘ እጄን እጄን ያያል። ዓይኑ ከበደኝ። ሰው ተስፋውን ሁሉ በአንድ ሰው መበየጃ ላይ ሲያደርግ ያ ሰው በሰላም ማሰብ አይችልም። ውሃ ጠጣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ አባቴ ምን ያደርግ እንደነበር አሰብሁ። አባቴ መጀመሪያ ያያል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አየሁ።

የእኔ ድልድይ ሽቦ ከመውጫው ሽቦ አጠገብ ተጋድማለች። የጎላው ድምፅ ተመልሶ በእሷ በኩል ይገባል፣ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይገባል። ያ የተዋበ አዘረጋግ ለውበት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከጎረቤቱ የራቀው ሰምቶ እንዳይደግም ነው። እኔ ሰፌድ እያልሁ አደነቅሁና፣ ለምን እንደዚያ እንደተሰፋ ሳልጠይቅ በመካከሉ አቋርጬ አለፍሁ።

አነሳኋት። ከሣጥኑ ብረት ጋር አስጠግቼ፣ ዙሪያውን አዙሬ፣ እነሱ እንደሚሄዱት ጥጉን አስይዤ እንደገና በየድኋት። አሁን ጠባሳ አትመስልም። ከእነሱ አንዷ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት።

እንደገና አበራን። ፉጨት የለም። ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ብቻ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ትራክተር።

ሙሉቀን አንዱን ክር መታ።

ምን እንደሰማሁ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ድምፁ ወጣ፣ ሻከረ፣ ይሞታል ብዬ በጠበቅሁበት ቦታ አልሞተም። ቆመ። ጣቱን ክሩ ላይ አወዛወዘ፤ ድምፁም አብሮ ተወዛወዘ፣ እንደ ሰው ጉሮሮ። ያቺን ትናንት በአፉ ያልደረሰባትን ቦታ ደረሰባት፤ አለፋት። ቀና ብሎ አላየኝም። ያየው የራሱን ጣት ነው፣ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ።

እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ግን አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲያገኝ ማየት አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስላላየሁት።

አያ ዘለቀ ድምፁን ሰምተው መጡ። በር ላይ ቆመው አዳመጡና በሱዳኖች አጠራር "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይኼ አባትህን ከመቃብር ያስነሳቸዋል" አሉት። ሙሉቀን ሳቀ፤ አባቱ በሕይወት አሉ። "ካሉማ ይሰማሉ" አሉና እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። ወዲያው አነሱት።

"ይነዳል እኮ!"

ጠባዩ ነው፣ ቫልቭ ሳይግል አይሠራም አልኋቸው። አልተመቻቸውም። ከቤት ሲወጡም ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ጥለው እንደሚሄዱ።

ትንሽ ድል ነው። እጽፈዋለሁ፦ ዛሬ ድል አደረግሁ።


ዓርብ፣ ኅዳር 6

ተሰበረ።

አጭር አደርገዋለሁ። አይ፣ ሁሉንም ልጻፈው።

ሰሊጡ ስለገባ የመንግሥቱ ሜካናይዝድ እርሻ ትንሿን ጄኔሬተሩን ለልምምድና ለነገ አዋሰን። ከቀትር በኋላ ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ቆርቆሮ ጣራ፣ የኅዳር ፀሐይ፤ ደጋ ላይ ኅዳር ብርድ ነው፣ እዚህ ግን ወንበሩ ያቃጥላል። ቡድኑ ተለማመደ። አምፕሊፋየሩ ሳይደክም ሠራ። ሙሉቀንን ሌሎቹ እየዞሩ ያዩታል፤ ከበሮ መቺው አንድ ጊዜ መምታቱን ረስቶ ቆመ።

ዕረፍት ሲሆን ሁሉም ውሃ ሊጠጣ ወጣ። አምፕሊፋየሩን አታጥፉት፣ ሲጠፋና ሲበራ ነው የሚጎዳው ያልሁ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልሁት።

እዚህ አገር ውሃ የሚቀዘቅዘው በአንድ መንገድ ነው። በርሜሉን በጆንያ ይጠቀልሉታል፣ ጆንያውን በውሃ ያርሱታል፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ያቆሙታል። ከደጋ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው፤ እኔንም ያስተማሩኝ አያ ዘለቀ ናቸው። ከተማውን በሕይወት ያቆየ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል። ስንመለስ አያ ዘለቀ አምፕሊፋየሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ጣሳ ይዘው፣ አጠገቡ ቆመው ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት አይረሳኝም።

ጠብታው ከኋላ ባለው ቀዳዳ ገብቷል። ገመዱን ነቀልሁ፣ ጆንያውን ገፈፍሁ። ከአራቱ ትልልቅ ቫልቮች አንዱ ከላይ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ጤነኛ ቫልቭ አናቱ ላይ ከውስጥ ብርማ ቅብ አለው፤ መስታወት ነው የሚመስለው። አየር ሲገባበት ቅቡ ወተት ይሆናል። ይህኛው ነጥቷል። የዓይን ሞራ።

አያ ዘለቀ ገባቸው። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ "ሲነድ አየሁት። ሲነድ እያየሁ ዝም ልበል?" አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

ሁላችንም ሙሉቀንን አየን። እሱ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን አነሳ፣ ጨመቀው፣ መስኮቱ ላይ አሰጣው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

"አንቱ ምን አጠፉ? እንደ ውሃዎ ነው የተንከባከቡት።"

ይህን ያለው ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ልጅ ነው፣ የሚሄድበትን የሚያውቅ። እኔ ብሆን እጮህ ነበር። በልቤ ጮኼም ነበር።

ሌላ ቫልቭ የለም። ጎንደርም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ወንዙን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ላይ ይኖር ይሆናል፣ ግን ማን ይሻገራል፣ በየትኛው ቀን? ሣጥኑን ክፍት አድርጌ ደረቅ ነፋስ ላይ አቁሜዋለሁ። ሦስት ቫልቭ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሦስት ጎዶሎ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7፣ ጠዋት

ሦስት ጎዶሎ ነው ብዬ ጽፌ ተኛሁ። ስነቃ እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበርሁ።

አራቱ ቫልቮች አራት ሆነው አይደለም የሚሠሩት። ሁለትና ሁለት ናቸው። በሁለት ሰው እንደሚሳብ መጋዝ፦ አንዱ ወገን ሲስብ ሌላው ይለቃል፣ ሌላው ሲስብ ይሄኛው ይለቃል። በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላ በኩል አንድ ሰው ካቆምህ መጋዙ ይጣመማል። ግን ከበዛው በኩል አንዱን ብታሳርፈው፣ አንድ ለአንድ ይሆናሉ። ጉልበቱ ይቀንሳል። መጋዙ ግን ይሄዳል።

ከጤነኛው ወገን አንዱን አወጣሁ። ምንም ሳይሆን ማውጣት ያሳዝናል፤ በመሐረብ ጠቅልዬ አስቀመጥሁት። ኋላ ያለውን የስፒከር መምረጫ አንድ እርከን ዝቅ አደረግሁ፣ ሁለት ብቻ ሆነው ሸክሙ እንዳይከብዳቸው። ውስጡ ደርቋል። ሙሉቀንን ጠራሁት፤ ከበሩ ውጭ ኖሯል፣ መቼ እንደመጣ አላውቅም።

ወደ አዳራሹ ወስደን ትንሿን ጄኔሬተር አስነሳን። ሁለቱ ቀሉ።

መታ።

እንደገና መታ። ከዚያ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየ። "እትየ፣ ይኼኛው ይበልጣል።"

እውነቱን ነው። ጉልበቱ ስለቀነሰ ድምፁ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይሻክራል፤ ብዙ ሳይጮህ ይጎትታል። ትናንት የሚጎትተው ጆሮ እስኪያደነቁር ሲከፈት ነበር። ዛሬ በሹክሹክታም ይጎትታል። እኔ አላሰብሁትም። አላቀድሁትም። ይህን ለማንም እንደ ብልሃቴ አልናገርም።

ወደ አያ ዘለቀ አንድ ልጅ ልኬ እንደተሠራ አስነገርኋቸው። አልመጡም። ያፍራሉ።


ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ከክፍለ ሀገሩ የመጡት ሁለት ናቸው፦ መነጽር ያደረገ ሰውዬና ድምፃዊት የነበረች ሴት፤ ወይም አሁንም ናት። አዳራሹ ሞላ። ወደ ደጋ ሊመለሱ መኪና የሚጠብቁ አጫጆች መስኮቱ ላይ ተደራርበው ቆሙ፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው።

ለጊታሩ ቦታ የመጣው ሙሉቀን ብቻ አልነበረም። ከጎረቤት ከተማ ከኮኪት አንድ ልጅ መጣ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ የራሱን ጊታር ይዞ። ኮርድ አዋቂ ነው። አምፕሊፋየር ግን የለውም። ያለው የእኛ ብቻ ነው።

ገመዱን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ የገባኝን ልጻፍ። በእኔ ድልድይ በኩል ቢሰካ ኮርዱ ሁሉ ይደባለቃል፤ አምስት ድምፅ አንድ ላይ ሲሻክር ጭቃ ነው። ማንም አያውቅም። አምፕሊፋየሩ እንዲህ ነው እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ሁለተኛው መግቢያ ላይ ቢሰካ ግን ድልድዩ ይቋረጣል፤ ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እጄ ከሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ቆመ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር።

ሙሉቀን ከኋላዬ ነበር። ሐሳቤን ከትከሻዬ ላይ ያነበበው ይመስለኛል። ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

"እትየ፣ ለእሱ የሚሆነውን ስጭው። እሱም እኮ ጥሪው ላይ ስሙ አለበት።"

ስሙ አለበት። ለካ አስቦት ኖሯል፣ ሁሉንም፣ ሳምንቱን ሙሉ።

ሁለተኛው ላይ ሰካሁለት። የኮኪቱ ልጅ አሳምሮ መታ። ከልቤ አጨበጨብሁ፣ እያጨበጨብሁም እጄ በረደኝ።

ከዚያ ሙሉቀን። መጀመሪያ የታዘዘውን የእናት አገር መዝሙር ከቡድኑ ጋር፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ቀጥሎ ብቻውን። ባቲ። አንድ ክር። መጀመሪያዋ ድምፅ ስትወጣ መስኮቱ ላይ ያሉት አጫጆች ዝም አሉ፤ ያቺ ድምፅ ስትጎተት አንዱ፣ ጎጃሜ መሆን አለበት፣ "እሰይ የኔ ልጅ" አለ ሳያስበው። ሁለቱ ቫልቮች ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሰማያዊ ወጋገን ይሰጣሉ፤ ከኋላ ቆሜ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ትልቁን ነገር ከሆዱ በኩል ማየት የእኔ ዕድል ነው።

ሲጨርስ መነጽራሙ ሰውዬ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ይህ ጩኸት የውጭ ነው?"

የፈራሁት ጥያቄ። ሙሉቀን ግን ጊታሩን እንደያዘ፣ "አይ ጓድ፣ የአባቴ ነው" አለ።

"አባትህ ጊታር መቺ ናቸው?"

"ማሲንቆ።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። "ዓይኔን ጨፍኜ ልስማው፣ ድገመው" አለችው። ደገመው። ዓይኗን ጨፍና ሰማች፣ በመጨረሻም ወዲያው አልገለጠችም።

ውሳኔውን ነገ ይነግሩናል። አያ ዘለቀን በሕዝቡ መካከል ፈለግኋቸው። ከአዳራሹ ውጭ፣ ከጄኔሬተሯ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው፤ ማንም ውሃ እንዳያስጠጋባት እየጠበቁ።


እሑድ፣ ኅዳር 8

ሙሉቀንን ወሰዱት።

ሴትዮዋ ራሷ ናት የነገረችው። ሰውዬው አንድ ነገር ጨመረ፦ እዚያ ያላቸው አምፕሊፋየር አዲስ ነው፣ ትራንዚስተር፤ ይህኛው ከልጁ ጋር ካልመጣ ልጁ ምን ይሠራል? አያ ዘለቀ ጥያቄው ሳያልቅ "ይሂድ" አሉ። ንብረቱ በስማቸው ነው። ቢጠፋ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። የርክክቡን ወረቀት ሲፈርሙ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር፤ ከዓርብ ወዲህ ቀና ሲሉ ያየሁት ዛሬ ነው።

የኮኪቱ ልጅ ለሙሉቀን እጁን ዘረጋለት። ጊታሩን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ወጣ። ሙሉቀን እስኪሰወር አየው።


ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቫልቮቹን አንድ በአንድ ነቀልሁ። ሁለቱን የሚሠሩትን፣ ያሳረፍሁትን ጤነኛ፣ ትንንሾቹን፤ እያንዳንዱን በካልሲ፣ ካልሲውን በጥጥ። መተማ ላይ ያለ ካልሲ ሁሉ ተሰበሰበ ማለት ይቻላል፤ ደግነቱ እዚህ ካልሲ የሚያደርግ የለም። የተሰነጠቀውን አያ ዘለቀ ለመኑኝ። ሰጠኋቸው። ምን እንደሚያደርጉት አልጠየቅሁም።

ሙሉቀንን አስቀምጬ አስተማርሁት። የትኛው የት እንደሚሰካ። ምን እንደማይነካ። ያቺ መፍቻ ጧ የምትልበትን ቦታ ከነካ ለኪነትም ለውትድርናም እንደማይሆን። እያንዳንዱን መልሶ ነገረኝ፣ አንድም አልሳተም። ማንበብ ብዙም አይሆንለትም፤ እንደ ግጥም ነው የያዘው።

የሰሊጥ መኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ አናት ላይ አምፕሊፋየሩን አቅፎ ወጣ። ካልሲዎቹ ሸሚዙ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ናቸው። መኪናው ሲነሳ እጁን አነሳ፤ ወዲያው መልሶ ሣጥኑን ያዘ። ደስ አለኝ። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምይዘው።

ወደ ጎንደር የሚወስደው የጭልጋ መንገድ እንዴት እንደሚያናውጥ አውቃለሁ። ጎንደር ያለው ኤሌክትሪክ ከዚህኛው ይበረታል፤ ያንን ነግሬዋለሁ? ነግሬዋለሁ። ነግሬዋለሁ መሰለኝ።

ቤቴ ጸጥ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ የእርሳስ ጠብታዎች ቀርተዋል። አልጠረግኋቸውም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ አደባባይ ላይ ስም ተጠራ።

ተማሪዎቼን ክፍል ውስጥ ጥዬ አጥሩ ጋ ቆምሁ። ሰልፉ ረጅም ነው። እናቶች ከሾላው ሥር። ጠሪው ድምፁ ደረቅ ነው፣ ቁጣ የለበትም፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው ድምፅ። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ አንድ "አቤት" ይሰማል፣ ቀጭን ወይም ወፍራም።

የሙሉቀን ስም ተጠራ። ከነአባቱ ስም።

"አቤት" የሚል የለም። ጠሪው ደገመው። ቀና አለ። ከዚያ ከመጋዘኑ በር አያ ዘለቀ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ለክፍለ ሀገሩ ኪነት ተወስዷል፤ ፈርመው ነው የወሰዱት" አሉ። ጠሪው ወረቀቱን መልሶ አየ። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ተረፈ። ለጊዜው። ለጊዜውም ቢሆን ተረፈ። አያ ዘለቀ ወደ አጥሩ መጥተው ከእኔ ጋር ቆሙ፤ እስኪያልቅ ሰማን።

ሲያልቅ ጠሪው ወረቀቱን አጥፎ ለሾፌሩ የነገውን መንገድ ሲነግረው ሰማሁ። ነገ ኮኪት ነው።

የዚያን ልጅ ስም ሳልጠይቀው ቀረሁ።